ገዥው ሳያንኳኳ

የዛሬው ዝግጅታችን ቤታቸውን ለመሸጥ ላሰቡ ሰዎች ነው። ቤት ልትገዙ ገንዘብ የቆጠራችሁም ብትሰሙት አትጎዱበትም።

አባቴ ድሬዳዋ፣ መጋላ ሰፈር የነበረችንን ቤት ሲሸጥ እኔ የአሥራ ስድስት ዓመት ልጅ ነበርኩ። የመኝታ ቤቱ ግድግዳ ላይ፣ ከኮርኒሱ ሥር፣ ካርታ የመሰለ ቡናማ የውኃ ዱካ ነበር። ደላላው አየና «ይቺን ቀለም ቀቡባት፣ አለቀ» አለ። እኔና ታላቅ ወንድሜ በአንድ ከሰዓት ሁለት ጊዜ ደራርበን ቀባነው። ግድግዳው እንደ ወተት ነጣ። ቤቱ የተሸጠው በጥር ነው፤ በጥር ደግሞ ድሬ ላይ ዝናብ የለም። በመጋቢት መጨረሻ አንድ ሌሊት የበልጉ ዝናብ ወረደ፣ በነጋታው ገዥው መጣ። አልጮኸም። ጫማውን በር ላይ አውልቆ ገባ፣ የቀረበለትን ሻይ ጠጣ፣ ከዚያ አባቴን ቀና ብሎ አይቶ «አቦ፣ ታውቀው ነበር?» አለው። አባቴ መልስ አልነበረውም። የጣሪያውን፣ የኮርኒሱንና የልስኑን ወጪ በሙሉ ከፈለ። ከዚያ በኋላ ግን ሰውየውን ገበያ ላይ ከሩቅ ሲያየው መንገድ ይቀይር ነበር። ያ ጣሪያ በጊዜው ቢታይ ጥቂት ሚስማርና ሁለት ቆርቆሮ ይበቃው ነበር።

ስለዚህ ዛሬ የምለምናችሁ አንድ ነገር ነው። ገዥው ግንበኛውን ይዞ በሩን ሳያንኳኳ፣ ቤታችሁን እናንተ ራሳችሁ እንደ ባዳ ሆናችሁ እዩት። የሚጠገነውን ጠግኑ፣ መጠገን የማትችሉትን ተናገሩ።

በአሜሪካ ቤት የሚገዛ ሰው ከመፈረሙ በፊት መርማሪ ባለሙያ ቀጥሮ ቤቱን ከጣሪያ እስከ መሠረት ማስፈተሹ የተለመደ ነው፤ የቤት መርማሪዎቹ የራሳቸውን ማኅበር ያቋቋሙት በፈረንጆቹ 1976 ነው። ለእኔ ግን የበለጠ የሚገርመኝ የዴንማርክ አሠራር ነው። እዚያ ከ1996 ጀምሮ፣ በፈረንጆቹ ማለቴ ነው፣ ሪፖርቱን የሚያሠራው ሻጩ ራሱ ነው። ሻጩ ቤቱን አስመርምሮ ሪፖርቱን ለገዥው ከሰጠና ሕጉ የሚጠይቀውን ካሟላ፣ በኋላ ለሚወጣው አብዛኛው ጉድለት ተጠያቂነቱ ይነሳለታል። እውነቱን አስቀድሞ ያወጣ ሰው ሌሊቱን በሰላም ይተኛል ማለት ነው።

በእኛ አገር ቤት መርምሮ ሪፖርት መጻፍ ራሱን የቻለ ሙያ ሆኖ ገና አልተለመደም። መርማሪው ግን መምጣቱ አይቀርም። ገዥው ግንበኛ የሆነ አጎቱን ይዞ ይመጣል። በባንክ ብድር የሚገዛ ከሆነ የባንኩ ኢንጂነር ሜትሩን ይዞ ለግምት ይመጣል። ገዥው ውጭ አገር ያለ እንደሆነ ወንድሙ ስልኩን ከፍቶ በቪዲዮ እያሳየው ይዞራል፤ «ካሜራውን ወደ ኮርኒሱ አዙርልኝ፣ አሁን ቧንቧውን ክፈተው» እያለ ከባሕር ማዶ ያዛል። ከእነዚህ አንዱ ከእናንተ ቀድሞ ያገኘው ጉድለት ሁሉ ከዋጋው ላይ ይነሳል፤ የሚነሳውም ለጥገና ከሚያስፈልገው በላይ ነው፣ ምክንያቱም አንድ የተደበቀ ነገር ያገኘ ገዥ ሌላም አለ ብሎ ይጠረጥራል።

ሕጉም አለ። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕጋችን በአንቀጽ 2287 ሻጩ ለሸጠው ነገር ጉድለት ዋስ እንደሚሆን ይደነግጋል። ገዥውም በበኩሉ የገዛውን መርምሮ፣ ጉድለት ሲያገኝ ሳይዘገይ ለሻጩ ማስታወቅ አለበት። ሁለቱ ተስማምተው ይህን ዋስትና በውል ሊገድቡት ይችላሉ። ነገር ግን ሻጩ እያወቀ አታልሎ የደበቀው ጉድለት ካለ ያ የውል ቃል አያድነውም። በአንጻሩ ገዥው በውሉ ጊዜ እያወቀ የተቀበለውን ጉድለት ዞሮ ሊከስበት አይችልም። ይህን የመጨረሻውን ልብ በሉልኝ። ቤታችሁ ጣሪያው ያፈሳል ብላችሁ የተናገራችሁት ቃል የሚጠብቀው እናንተን ነው።

አሁን ወደ ቤቱ እንግባ፤ ከጣሪያው እንጀምር። የድሬ ፀሐይ ቆርቆሮን ትለጥጠዋለች፣ ማታ ሲቀዘቅዝ ይሰበሰባል። ቀትር ላይ ጣሪያችሁ ጧ ጧ ሲል የምትሰሙት እሱን ነው። ይህ በየቀኑ፣ በየዓመቱ ሲደጋገም ሚስማሩ ከሞራሌው እየላላ ቀዳዳው ይሰፋል። ዝናባችን ደግሞ ጥቂት ወር መጥቶ የሚሄድ ስለሆነ ባለቤቱ ራሱ ማፍሰሱን ይረሳዋል። ከኮርኒሱ በላይ የሚያስወጣ ቀዳዳ ካላችሁ ጠዋት ሦስት ሰዓት ግድም ግቡ፤ ቀትር ላይ እዚያ ያለው ሙቀት ሰው ይጥላልና አደራ። እግራችሁን እንጨቱ ላይ ብቻ አሳርፉ። የገባችሁበትን ዝጉና ዓይናችሁ ጨለማውን እስኪለምድ ታገሡ። ያን ጊዜ ከቆርቆሮው ላይ እንደ ኮከብ ብልጭ የሚሉ ነጥቦች ይታያሉ። ዝናብ የሚገባው በእነሱ ነው። እንጨቱንም በጣታችሁ ጫን ጫን በሉት፤ የበሰበሰ ከሆነ ይሰምጣል። ጣሪያው ከተጠገነ በኋላ የረጠበው ልስን ይፈቅፈቅ፣ ይድረቅ፣ እንደገና ይለሰን። ቀለም የሁሉም መጨረሻ ነው። እርጥብ ግድግዳ ላይ የተቀባ ቀለም ጥቂት ወራት ቆይቶ ተላልጦ ይወርዳል።

ውኃ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ድሬ ላይ ትልቁ ነገር እሱ ነውና። ከተማችን የምትጠጣው የከርሰ ምድር ውኃ ነው፤ የሳቢያን ሰፈር ጉድጓዶችን የማያውቅ የለም። ይህ ውኃ በኖራ ድንጋይ ውስጥ እያለፈ ስለሚመጣ ካልሲየም ይበዛበታል። ሻይ የምታፈሉበትን ማንቆርቆሪያ ክዳኑን ከፍታችሁ ተመልከቱት። ታች ላይ የተጋገረው ነጭ ቅርፊት በቢላ ካልሆነ አይለቅም። ያው ቅርፊት በቧንቧችሁ ውስጥም ዓመት በዓመት እየተጋገረ ነው። አንድ ቧንቧ ሠራተኛ ከከዚራ ሰፈር አሮጌ ቤት ያወጣውን የብረት ቧንቧ አሳይቶኝ ያውቃል፤ አውራ ጣት ሊያስገባ የሚገባው ቀዳዳ እርሳስ እንኳ አያሳልፍም ነበር። የቤቱ ባለቤት ለዓመታት የሚያማርሩት የውኃ መሥሪያ ቤቱን ነበር።

መለየቱ ቀላል ነው። ውኃ በመጣ ቀን መጀመሪያ ግቢ ውስጥ ከቆጣሪው አጠገብ ያለውን ቧንቧ ክፈቱ፣ ቀጥላችሁ የሻወሩን። ግቢው ላይ እየገፋ ወጥቶ ሻወሩ ላይ ክር ከሆነ፣ የተደፈነው የቤታችሁ ቧንቧ ነው። ሁለቱም ጋ ቀጭን ከሆነ ችግሩ ከውጭ ነው፤ ለገዥውም ይህንኑ አሳዩት። የሻወሩ ራስ ብቻ ከተደፈነ ፈታችሁ በአቼቶ ውስጥ አሳድሩት፤ ጠዋት በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ ስታሹት ነጩ ነገር እየተፈረፈረ ይለቃል። ብዙ ወጪ የማይጠይቅ ሥራ ነው፤ ገዥው ግን ሻወሩን ሲከፍት የሚያየው የቤቱን አያያዝ ነው። ደግሞ አንድ ሌሊት ሁሉንም ቧንቧ ዘግታችሁ፣ ሮቶው መሙላቱን አረጋግጣችሁ፣ የቆጣሪውን ቁጥር ጽፋችሁ እደሩ። ጠዋት ቁጥሩ ከተቀየረ የሆነ ቦታ የሚፈስ ነገር አለ፤ መሬት ውስጥም ሊሆን ይችላል። ግቢያችሁ ውስጥ የድሬዳዋ ዛፍ ካለ፣ ያ በቀይ አበባው ስማችንን የያዘው ዛፍ፣ መጀመሪያ ሥሩ የሄደበትን አቅጣጫ ጠርጥሩ። ዛፉን ግን አትቁረጡብኝ፤ ቧንቧውን በሌላ በኩል ማዞር ይቻላል፣ ጥላው ግን ከተቆረጠ በአሥር ዓመትም አይተካም።

የሽንት ቤቱ ጉድጓድ ቤት ሲሸጥ ማንም ሊያነሳው የማይፈልገው ነገር ነው። አብዛኛው ቤት የራሱ ጉድጓድ ነው ያለው። መቼ እንደተመጠጠ፣ ክዳኑ የት እንደሆነ፣ ከአፈሩ በታች ያለው ግንብ ይስረግ አይስረግ ማወቅ አለባችሁ። የሚሰርግ ጉድጓድ የጎረቤት ጉዳይ ብቻ እንዳይመስላችሁ። የምንጠጣው ከእግራችን ሥር የሚወጣውን ውኃ ነው፤ የሚሰርገውም ወደዚያው ነው። ክዳኑ ላይ ሴራሚክ ያነጠፋችሁ ሰዎች አላችሁ፣ አውቃለሁ። መክፈቻውን አውጡት።

ስለ ኤሌክትሪክ አጭር እናገራለሁ፤ ባለሙያ ጥሩ ነው የምላችሁ። አሮጌው ቤት የተዘረጋለት ገመድ ለአምፖልና ለሬዲዮ ነበር። ዛሬ በዚያው ገመድ ላይ ምጣድ፣ ፍሪጅ፣ ቬንቲሌተር፣ ከዚያም ላይ ኤር ኮንዲሽነር ተጨምሯል። ኤር ኮንዲሽነሩ ለግማሽ ሰዓት ከሠራ በኋላ መዳፋችሁን ሶኬቱ ፊት ላይ፣ በፕላስቲኩ ላይ ብቻ፣ አስጠጉት። ከሞቀ ወይም ጠርዙ ከጠቆረ ያን ቀን መጠቀም አቁሙና ኤሌክትሪሺያን ጥሩ። ቤቱ የምድር መስመር የተዘረጋለት መሆኑንም ያንኑ ቀን ጠይቁ። እሳት የሚነሳው ከተሸጠ በኋላ ሊሆን ይችላል፤ ውስጡ የሚተኙት ግን የሰው ልጆች ናቸው።

ግድግዳውን በሳንቲም አንኳኩት። ደህና ልስን ጠጣር ድምፅ ይሰጣል፤ ከብሎኬቱ የለቀቀው እንደ ባዶ ቆርቆሮ ይጮኻል። ስንጥቅ ስታዩ ሁሉም አያስደንግጣችሁ። ልስኑ ላይ እንደ ሸረሪት ድር የተበተነ ቀጭን ስንጥቅ የፀሐይና የሲሚንቶ ነገር ነው። ከመስኮት ጥግ ተነስቶ የብሎኬቱን መጋጠሚያ ተከትሎ እንደ ደረጃ የሚወርደው ግን መሠረቱ መንቀሳቀሱን የሚናገር ሊሆን ይችላል። ይህን ለማወቅ ግንበኞች አንድ ጥሩ ዘዴ አላቸው። በስንጥቁ ላይ ተሻጋሪ አድርገው ጣት የሚያህል ጅብሰም ይለጥፉና ቀን ይጽፉበታል። ከሁለት ከሦስት ወር በኋላ ጅብሰሙ ሳይነካ ካገኛችሁት ስንጥቁ አሮጌ ነው። ጅብሰሙም አብሮ ከተሰነጠቀ ስንጥቁ አሁንም እየሄደ ነውና ኢንጂነር ይየው። በ2017 ዓ.ም. በአዋሽ ፈንታሌ አካባቢ መሬቱ ሲንቀጠቀጥ ከረመ፤ እኛም የምንኖረው በዚያው በስምጥ ሸለቆ ጠርዝ ላይ ነው። ገዥዎች ስንጥቅ ሲያዩ ቢጠይቁ አይፈረድባቸውም፤ ጅብሰሙና ቀኑ መልስ ይሆናችኋል። በዚያው የበርና የመስኮት ክፈፎችን በመፍቻ እጀታ ነካ ነካ አድርጉ። እንጨቱ ባዶ ከጮኸ፣ ወይም ግድግዳው ላይ እንደ ክር የወጣ የአፈር መንገድ ካያችሁ፣ ምስጥ ገብቷል። አፈሩን ጠርጎ ቀለም መቀባት ምስጡን ቤት ውስጥ መቆለፍ ነው።

አሁን ልናገረው የከበደኝ ላይ ደረስኩ። የከተማችን የደቻቱ ወንዝ አብዛኛውን ዓመት አሸዋ ነው፤ ሰውም ግመልም ይሻገረዋል፣ ልጆች ኳስ ይጫወቱበታል። ሐምሌ 30 ቀን 1998 ዓ.ም. አጥቢያ ግን ከላይ ከደጋው የወረደው ጎርፍ ሰው ተኝቶ ሳለ ደረሰ። ከ250 በላይ ሰው ሞተ፣ ሺዎች ቤት አልባ ሆኑ። ከዚያ ወዲህ በዳርና ዳሩ ግንብ ተሠርቷል። ሆኖም ቤታችሁ ያን ሌሊት ውኃ የገባበት ከሆነ፣ ለሚገዛው ሰው ንገሩት። ውኃው የት ድረስ እንደወጣ፣ በየት በኩል እንደገባ፣ በየትኛው በር ወደ ከፍታ መሸሽ እንደሚቻል ንገሩት። ይህን የማያውቅ ባዕድ ሰው ልጆቹን ምድር ቤት ያስተኛል። ዋጋ ይቀንስብኛል የምትሉ አላችሁ፤ ሊቀንስ ይችላል። እኔ በዚህ ጉዳይ ከማንም ጋር አልደራደርም።

ወረቀቱስ? መሬቱ በሕገ መንግሥቱ የመንግሥትና የሕዝብ ስለሆነ የምትሸጡት በላዩ ያለውን ቤት ነው፤ ቤቱ ደግሞ ካርታው ላይ ካለው ጋር መመሳሰል አለበት። ብዙ ጊዜ ነገር የሚበላሸው ሰርቪስ ቤቱ ላይ ነው። ልጅ ሲያገባ አንድ ክፍል፣ ተከራይ ሲገኝ ሌላ ክፍል እየተባለ ያለ ፈቃድ ይጨመራል፤ የባንኩ ኢንጂነር ሜትሩን ሲዘረጋ ካርታው ሌላ፣ ግቢው ሌላ ይሆናል። ሜትር ተውሳችሁ ቀድማችሁ ለኩ፤ ልዩነት ካለ ወደ መሬት አስተዳደሩ ሂዱ፤ ጉዳዩ ጊዜ ይወስዳልና ገዥ ከመጣ በኋላ አይጀመርም። ቤቱ በዕዳ የተያዘ ከነበረ ባንኩ ዕዳው ማለቁን የሚገልጽ ደብዳቤ መስጠቱ ብቻ አይበቃም፣ እገዳው ከማኅደሩ መነሳቱን አረጋግጡ። በ1992 የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ እኛ ከተማም ይሠራል፤ በእሱ መሠረት የጋራ የሆነን ቤት ባል ብቻውን ወይም ሚስት ብቻዋን መሸጥ አይችሉም። ውሉም በጽሑፍ ሆኖ፣ የፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 1723 እንደሚለው፣ በሚመለከተው አካል ፊት መረጋገጥ አለበት። በሽማግሌ ፊት የተፈረመ ወረቀት ይዘው ፍርድ ቤት የተንከራተቱ ብዙ ናቸው።

የመጨረሻው ሥራ ደብተር ነው። የልጆች የትምህርት ቤት ደብተር ይበቃል። በፊተኛው ገጽ የጠገናችሁትን ከነቀኑ ጻፉ፤ የቆርቆሮውን፣ የቧንቧውንና የኤሌክትሪሺያኑን ደረሰኝ አያይዙበት። በኋለኛው ገጽ ደግሞ ያልጠገናችሁትን ጻፉ። ገዥው አንብቦ ይፈርምበት፣ ሁለታችሁም ቅጂ ያዙ። ገዥውን ስትጠሩም ጠዋት ጥሩት፤ ድሬ ከምሳ በኋላ ዓይኗን የምትገልጥ ከተማ አይደለችም፣ ደግሞ ጠዋት ብርሃኑ ግድግዳውን በደንብ ያሳያል። ቁም ሣጥኑን ከግድግዳው ሳብ አድርጉት፣ የኮርኒሱን መውጫ ክፈቱለት፣ መሰላሉን አቁሙለት።

ባለፈው ዓመት ደቻቱ ዳር ያሉ አንዲት እናት ቤታቸውን ሲሸጡ ይህንኑ አድርገው ነበር፤ ደብተሩን የጻፈችላቸው የልጅ ልጃቸው ናት። ገዥው ከጅቡቲ የተመለሰ ወጣት ነው። የፊተኛውን ገጽ ቶሎ ቶሎ ገለጠው። የኋለኛው ገጽ ላይ ሲደርስ ቆመ። በልጅ እጅ ጽሑፍ እንዲህ ተጽፏል፦ የጓዳው በር ከታች ምስጥ በልቶታል፣ የሳሎኑ መብራት አንዳንዴ ይጠፋል፣ በ1998 ውኃው እዚህ ድረስ ደርሶ ነበር። «እዚህ» የሚለውን ለማሳየት ሴትየዋ ተነስተው መስኮቱ ሥር እጃቸውን አሳረፉ። ወጣቱ የእጃቸውን ከፍታ አየ፣ ደብተሩን ዘጋ፣ ስለ ዋጋም ስለ በሩም አልጠየቀም። «እማማ፣ ያን ሌሊት የት ነበሩ?» አላቸው። ቡናው ሦስተኛው ላይ እስኪደርስ ነገሩት።